ስንት ጊጋ ከማለት በፊት

በየቤታችን ጥግ የጥልፍ ልብስ ለብሶ የሚቀመጠው የጠረጴዛ ኮምፒውተር፣ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅበት፣ አባት የዕድሩን ሒሳብ የሚያሰናዳበት፣ እናት ባሕር ማዶ ካሉት ልጆቿ ጋር ፊት ለፊት እየተያየች የምትነጋገርበት ይህ መሣሪያ፣ ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ እየተንቀረፈፈ ሲሄድ፣ የቤቱ ሰዎች የሚፈርዱበት ፍርድ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይም «አርጅቷልና ይጣል» ይላሉ፣ ወይም «ራም ይጨመርለት» ይላሉ። ሁለተኛው ፍርድ ከፊተኛው ይልቅ ለቁጠባ የቀረበ ስለሆነ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ከሐሳብ ወደ ተግባር ሲደረስ፣ ገዢው ወደ መርካቶ ወይም ወደ መገናኛ ወርዶ «የ8 ጊጋ ራም አላችሁ?» ይላል፤ ሻጩም «አለ» ብሎ ይሰጠዋል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ግን፣ ይኸውም «ለየትኛው ማሽን ነው?» የሚለው፣ ከሁለቱም ወገን ሳይነሣ ግብይቱ ይፈጸማል። እኔ አጥብቄ የምለው ይህን ነው፦ በማኅደረ ትውስታ ግዢ ነገር ተስማሚነት ከብዛት ይቀድማል፤ ይህንንም የመጠየቅ ግዴታ ከገዢው ይልቅ በሻጩ ላይ ይበረታል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት፣ ኮምፒውተሩ መረጃውን የሚያኖርባቸው ስፍራዎች ሁለት መሆናቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛው ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስኤስዲው ሲሆን፣ ይህ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው፤ መብራት ቢኖርም ቢጠፋም መጻሕፍቱ ሁሉ በዚያ ተጠብቀው ይኖራሉ። ሁለተኛው በገበያ ቋንቋ ራም የምንለው ማኅደረ ትውስታ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ መጽሐፉ ከዕቃ ቤት ወጥቶ የሚዘረጋበት አትሮንስ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሚያነበው በአትሮንሱ ላይ የተዘረጋውን ብቻ ስለሆነ፣ አትሮንሱ የጠበበ እንደሆነ አንዱን መጽሐፍ ለመዘርጋት ሌላውን አጥፎ መመለስ ግድ ይሆናል። 4 ጊጋ ራም ብቻ ባለው ማሽን ላይ ክሮም ከነብዙ ገጾቹ፣ ከዚያም ላይ ዎርድና ቴሌግራም በአንድነት ሲከፈቱ፣ የሃርድ ዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም እያለ፣ ሳጥኑም ውስጥ ውስጡን እየተንኮሻኮሸ፣ አንዲት ፊደል ተጽፋ በስክሪኑ ላይ እስክትታይ ድረስ የሚያስጠብቀን ይህ መመላለስ ነው።

እንግዲህ ማኅደረ ትውስታ ከፍተው ያስገቡትን ሁሉ የሚቀበል ግዑዝ ስፍራ ቢሆን ኖሮ፣ ማንኛውንም ራም በማንኛውም ማሽን ላይ መሰካት በተቻለ ነበር። ነገር ግን ጠባዩ እንዲህ አይደለም። የዛሬውን ዐይነት ማኅደረ ትውስታ ያስገኘው የአይቢኤም መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ፈጠራው፣ እያንዳንዷን ቢት በአንዲት ትራንዚስተርና በአንዲት ኢምንት ካፓሲተር እንድትኖር አደረገ፤ በዚህችም ካፓሲተር ውስጥ የምትቀመጠው የኤሌክትሪክ ቅንጣት በራሷ ጊዜ እየሟሸሸች የምታልቅ ስለሆነች፣ ተቆጣጣሪው ክፍል በመላው ራም ላይ ያለውን ሁሉ ብዙውን ጊዜ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ ውስጥ እያነበበ ማደስ አለበት። ማሽኑ በበራ ቁጥር በራሙና በተቆጣጣሪው መካከል ይህን የመሰለ፣ ቮልቴጁ በነጥብ፣ ጊዜው በሰከንድ ቢሊዮንኛ የተመጠነ ምልልስ ይካሄዳል፤ ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥርዓት የማያውቅ እንደሆነም ምልልሱ ከመጀመሩ ይቋረጣል።

ይህን ሥርዓት የሚደነግገው ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው ማኅበር ሲሆን፣ ዲዲአር የሚባለውን የመጀመሪያውን ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2000 ካወጣ ወዲህ፣ ዲዲአር 2ን በ2003፣ ዲዲአር 3ን በ2007፣ ዲዲአር 4ን በ2012፣ ዲዲአር 5ን በ2020 በተከታታይ አውጥቷል። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲተካ ፍጥነቱ እየጨመረ፣ የሚጠይቀውም ቮልቴጅ እየቀነሰ ሄዶ፣ የመጀመሪያው በ2.5 ቮልት ይሠራ የነበረ፣ ዲዲአር 3 በ1.5፣ ዲዲአር 4 በ1.2፣ ዲዲአር 5 በ1.1 ቮልት የሚሠራ ሆኗል፤ አንዱ ትውልድም በሌላው ስፍራ ፈጽሞ አይገባም። ለዐይን ግን ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ዲዲአር 2ና ዲዲአር 3 እያንዳንዳቸው 240 የወርቅ ቅብ ጥርስ አላቸው፤ ዲዲአር 4ና ዲዲአር 5 ደግሞ 288፤ የጥርሳቸው ቁጥር አንድ የሆኑትን ለዐይን የሚለያቸው በጥርሶቹ መካከል ያለችው ጎድጓዳ ስንጥቅ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው። ይህችን ስንጥቅ መሐንዲሶቹ ያስቀመጡት ያላዋቂ እጅ እንዳይሳሳት ብለው ነውና፣ ራሙ በቀላል ግፊት «ቀጭ» ብሎ ካልገባ፣ አቅጣጫውን አይቶ ማረጋገጥ እንጂ በአውራ ጣት ኀይል መጫን አይገባም፤ ራሙ የሚሰካበት፣ በግፊት ብዛት የተሰነጠቀ ማዘርቦርድ መድኀኒት የለውምና።

ይሁን እንጂ ስንጥቋ ከስሕተት ሁሉ አታድንም። የጎረቤቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ልትፈጽም በተቃረበችበት ወቅት፣ የጽሑፏን ሥራ የምታከናውንበት ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እየተጓተተ ስላስቸገራት፣ ከቁጠባዋ ገንዘብ አውጥታ የ8 ጊጋ ራም ገዝታ መጣች፤ ብትሰካው ግን ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። «ጋሼ፣ ቁመቱም ጥርሱም ልክ ያው ነው እኮ፤ ታዲያ ለምንድን ነው የማይነሣው?» ብላ ሁለቱን ራሞች፣ አሮጌውንና አዲሱን፣ በመዳፏ ይዛ አሳየችኝ። እውነቷን ነበር፤ ቁመታቸው አንድ ነው፣ የስንጥቃቸውም ቦታ አንድ ነው፣ ሁለቱም ዲዲአር 3 ናቸው። ነገር ግን በአሮጌው ላይ የተለጠፈችው ነጭ ወረቀት «ፒሲ3-12800» ብላ በ«ዩ» ፊደል ስትጨርስ፣ የአዲሱ ወረቀት ያንኑ ቁጥር ጽፋ በ«አር» ትጨርሳለች። ከዚያም በኋላ ጥቁሮቹን ቺፖች ቆጠርናቸው፤ በአሮጌው ላይ 8 ናቸው፤ በአዲሱ በያንዳንዱ ፊት 9 ሆነው ተሰልፈዋል፤ በመካከላቸውም ሌላ ለየት ያለች ትንሽ ቺፕ ተቀምጣለች። ያች ትንሽ ቺፕ ትእዛዙን ከተቆጣጣሪው ተቀብላ ለሌሎቹ የምታስተላልፍ ስትሆን፣ ዘጠነኛዋ ቺፕ ደግሞ ስሕተትን ለማረም የምታገለግል ናት፤ ሁለቱም የሚያስፈልጉት ለትልልቅ ሰርቨሮች ነው እንጂ ለቤት ማሽን አይደለም፤ የቤት ማሽንም እንዲህ ያለውን ራም አያውቀውም።

እንዲህ ያሉት ራሞች በብዛት የሚመጡት በውጭ አገር ከአገልግሎት ከተሰናበቱ ሰርቨሮች ተነቅለው ሲሆን፣ ዋጋቸውም ከቤቱ ዐይነት ዝቅ ያለ ስለሆነ ገዢን ይስባሉ። ልጅቱ ዕቃውን ይዛ ወደ ሱቁ በተመለሰች ጊዜ ያገኘችው መልስ «8 ጊጋ አልሽ፣ 8 ጊጋ ሰጠሁሽ» የሚል ነበር። ሻጩ የተናገረው ቃል በቃልነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልተጠየቀ ጥያቄ የደበቀው እውነት ስለሆነ፣ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ በገዢዋ ላይ ወደቀ።

በዚያች ወረቀት ላይ ያለውን ጽሕፈት ማንበብ ግን ለማንም የሚከብድ አይደለም። «ፒሲ3» የሚለው ትውልዱን ያመለክታል፤ «ፒሲ3ኤል» ከሆነ በ1.35 ቮልት ጭምር የሚሠራ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ትልቅ ቁጥር ራሙ በአንድ ሰከንድ ሊያስተላልፍ የሚችለውን በሜጋባይት የሚናገር ሲሆን፣ ለ8 ቢካፈል ሱቅ ውስጥ የሚጠራውን ፍጥነት ይሰጣል፤ 12800 ለ8 ሲካፈል 1600 ይሆናል፤ በዲዲአር 4ም 19200 የሚለው ያው 2400 ነው። በመጨረሻ የምትመጣው ፊደል ደግሞ ዐይነቱን ትለያለች፤ «ዩ» የጠረጴዛ ኮምፒውተር፣ «ኤስ» የላፕቶፕና የትንንሽ ማሽኖች፣ «አር» የሰርቨር ነው። ይህችን አንዲት መስመር በስልክ ፎቶ አንሥቶ ወደ ገበያ መሄድ፣ ወይም አሮጌውን ራም ራሱን ነቅሎ በወረቀት ጠቅልሎ መያዝ፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ኀዘን ያተርፋል።

አንዳንድ ሰው «የማሽኑን ስም ከነገርኩት ይበቃል» ይል ይሆናል፤ ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይበቃም። አሁን የጠቀስሁት ኦፕቲፕሌክስ 7010 እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሲሆን ዲዲአር 3 ይቀበላል፤ ይኸው ኩባንያ በ2023 ፍጹም አዲስ የሆነ ሌላ ማሽን በዚያው በ7010 ስም አውጥቷል፤ ይህኛው ዲዲአር 3ን አያውቅም። ፕሮሰሰሩን ማወቅም ብቻውን አያደርስም፤ ኢንቴል በ2015 ያወጣው ስድስተኛው ትውልድ ኮር ፕሮሰሰር እንደ ማዘርቦርዱ ዐይነት ዝቅተኛ ቮልት ያለውን ዲዲአር 3 ወይም ዲዲአር 4ን የሚቀበል ነው፤ በ2021 የወጣው አሥራ ሁለተኛው ትውልድም እንዲሁ በዲዲአር 4ና በዲዲአር 5 መካከል ይከፈላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ብያኔ የሚሰጠው ማዘርቦርዱ ነው። ሳጥኑን መክፈት የሚያስፈራው ሰው እንኳ፣ በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭኖ በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ውስጥ የሜሞሪውን ክፍል ቢመለከት፣ ያለውን የራም መጠን፣ ፍጥነቱን፣ ከራም መሰኪያ ስሎቶቹ ስንቱ እንደ ተያዙና ስንቱ ባዶ እንደ ሆኑ ያገኛል፤ ሲፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የማዘርቦርዱን ስም ሳይቀር አብራርቶ ያሳያል።

በገበያችን እምብዛም የማይነገር፣ ነገር ግን ብዙዎችን ያከሰረ ሌላ ነገር አለ። በርካሽ ከሚሸጡት የዲዲአር 3 ራሞች መካከል ለኤኤምዲ ማዘርቦርዶች ብቻ ተብለው የተሠሩ ይገኛሉ፤ ቺፖቻቸው የተደራጁበት መንገድ የተለየ ስለሆነ በኢንቴል ማሽን ላይ አይነሡም፤ ወረቀታቸው ግን ትውልዱንም፣ መጠኑንም፣ ፍጥነቱንም ልክ እንደ ሌሎቹ ይናገራል። ይህን አንድ ተራ ገዢ በምን ዐይኑ ሊለየው ይችላል? የሚያውቀው በጅምላ ያስመጣው ነጋዴ ነው፤ ስለዚህ ገዢው ይጠንቀቅ ማለት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ፍጥነትና ስለ ጥንድነት የሚነገረው ብዙ ቢሆንም፣ ለቤት ማሽን የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ሁለት ልዩ ልዩ ፍጥነት ያላቸው ራሞች በአንድ ማሽን ላይ ቢሰኩ ሁለቱም በዝግተኛው ፍጥነት ይሠራሉ፤ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ከሚፈቅዱት በላይ ፈጣን የሆነ ራም ገዝቶ ማስገባትም ትርፍ ወጪ ነው። ይልቁንም ለፍጥነት የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ ለጥንድ ቢውል ይሻላል፤ አንድ የ8 ጊጋ ራም ከመግዛት ይልቅ ሁለት የ4 ጊጋ ራሞችን ገዝቶ ማዘርቦርዱ ለጥንድ ባመለከታቸው፣ ብዙውን ጊዜ በቀለም በተለዩት ስሎቶች ላይ መሰካት፣ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ እንዲመላለስ ያስችለዋልና፤ በተለይ የስክሪን ካርድ ለብቻው የሌላቸው ማሽኖች፣ ማለትም አብዛኞቹ የየቤታችን፣ የምስሉን ሥራ የሚያከናውኑት ከዚሁ ራም ተበድረው ስለሆነ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። ሁለት ስሎት ብቻ ያለው ማሽን ሲሆን ግን፣ ወደፊት ለመጨመር አንዱን ባዶ ማቆየት የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ይህን የቤቱ አቅም ይወስነዋል።

ራም መጨመር የማይጠቅምበትንም ሁኔታ በግልጥ መናገር ይገባል፤ ገንዘብ ከኪስ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ምክር ምክር አይባልምና። ማሽኑ የሚሠራው በ32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ሊቆጥረው የሚችለው ከ4 ጊጋ ስለማያልፍ፣ ከዚያ በላይ የተጨመረው ሁሉ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ወደ 64 ቢት መለወጥ ያስፈልጋል። 8 ጊጋ ኖሮት፣ በታስክ ማናጀርም ውስጥ ግማሹ ሳይነካ እየታየ ማሽኑ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ደግሞ፣ ጥፋቱ የራሙ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ለዚያ ያለው መፍትሔ ኤስኤስዲ ነው። ይህንንም የሚያውቅ ሻጭ «ራም አያስፈልግህም» ብሎ ገዢውን መመለስ ይገባዋል፤ እንዲህ ያሉ ሻጮች አሉ፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ያደረገ ሰው ዘንድ ሰው ደጋግሞ ሲሄድ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ከብዷል፤ በዓለም ገበያም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የማኅደረ ትውስታ ቺፖችን እየጠቀለሉ ስለሚወስዱ ዋጋው አሻቅቧል፤ ማይክሮን የተባለው ታላቁ የአሜሪካ አምራች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች ይሸጥ የነበረውን ራም እንደሚያቆም አስታውቋል። ከዚህም ጋር ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ፣ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት ያለ የኢንቴል ማሽን ያለው ሰው «ወደ ዊንዶውስ 11 ካላለፈ ይጣል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። 4 ጊጋ ራም ለሊኑክስ ሚንት የሚመከረው መጠን ነው፤ 8 ጊጋ የተደረገለት የእ.ኤ.አ. 2012 ማሽን በዚህ ሥርዓት ላይ ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ፣ ለንባብና ለምስል ጥሪ አገልግሎቱን ይቀጥላል፤ ይህን የመሰለ ዕቃ ገና ብዙ ሊሠራ ሲችል ወደ ቆሻሻ መወርወር ለድኻ አገር ብክነት ነው። ነገር ግን ዕድሜ የሚቀጥልለት ተስማሚውን ራም ያገኘ እንደሆነ ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ራም የገዛ ቤተሰብ ሁለተኛ ለመግዛት አቅም ስለሚያጣ፣ ማሽኑ ያለ ፍርድ ይሞታል።

ነጋዴዎች በዚህ ነገር የሚሰጡትን መልስ ሰምቻለሁ፤ «ገዢው ዕቃውን ቤቱ ወስዶ በኤሌክትሪክ ንዝረት አቃጥሎት ቢመልስ ኪሳራው የእኔ ነው» ይላሉ። ይህ መሠረት የሌለው ሥጋት አይደለም፤ በበጋው ደረቅ አየር ከሰው ጣት የሚዘል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ቺፕ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ማንም ራም የሚነካ ሰው አስቀድሞ ሶኬቱን መንቀል፣ የሳጥኑን ብረት መዳሰስ፣ ራሙንም በዳርና ዳሩ እንጂ በጥርሱ አለመያዝ አለበት። ነገር ግን መድኀኒቱ መመለስን መከልከል ሳይሆን፣ ከመሸጥ በፊት መፈተን ነው። በየሱቁ ያሉት ልጆች የራሙን ጥርስ በላጲስ ጠርገው በሙከራ ማሽን ላይ ሰክተው ሲያሳዩ እናያለን፤ ያ የሚመሰገን ልማድ ነው፤ ሆኖም በሱቁ ማሽን ላይ መነሣቱ በገዢው ማሽን ላይ እንደሚነሣ ስለማያረጋግጥ፣ ገዢው ሳጥኑን ይዞ እንዲመጣ ወይም የማዘርቦርዱን ስም እንዲያመጣ መጠየቅ ይገባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዐይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ «8 ጊጋ አልሽ፣ 8 ጊጋ ሰጠሁሽ» የሚለው መልስ ከዚህ ድንጋጌ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ አይታየኝም።

የሚነሣ ራም ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ አንዳንዱ ጥፋት የሚገለጠው ማሽኑ ሞቆ፣ ራሙም ሞልቶ ሲሠራ ነው፤ ጽሑፍ በመካከሉ ይሰረዛል፣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ፋይል ሳይታወቅ ይበላሻል። ሜምቴስት86 የተባለው ፕሮግራም ከፍላሽ ተነሥቶ ራሙን ከዳር እስከ ዳር ይመረምራል፤ ማታ አስጀምሮ ጠዋት ውጤቱን ማየት ይቻላል፤ አንዲትም ቀይ መስመር ብትታይ ራሙ መመለስ አለበት። ለዚህ ፈተና ገዢው ጥቂት ቀናት ያስፈልጉታል። ሱቆቻችን ዛሬም ቢሆን በሚሸጡት ራም ላይ የሱቁን ስምና የሽያጩን ቀን የምታሳይ ትንሽ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ በደረሰኙ ላይም ዋጋውን ይጽፋሉ። በዚሁ ደረሰኝ ላይ የራሙ ትውልድ፣ መጠኑ፣ ፍጥነቱ፣ የመጨረሻዋ ፊደል፣ የተገዛበት ማሽን ስምና «ካልተስማማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለወጣል» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት፤ ይህን የሚያስፈጽመው የከተማው ንግድ ቢሮም ለኮምፒውተር ዕቃ ሻጮች በሚሰጠው የቁጥጥር መመሪያ ውስጥ ያስገባው።